ባዶው ገመድ

ሬሳውን ያገኘችው ቄጠማ አጫጇ ነበረች። ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከጀልባ መሳፈሪያው ሽቅብ በሁለተኛው የወንዝ መታጠፊያ፣ ማጭዷ አንድ የጨርቅ ጫፍ ያዘ። ሳበችው፤ ጨርቁን ተከትሎ እጅ መጣ። ማጭዱን ከነነዶው ጥላ እስከ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠች፤ ደርሳም ጣቷን ወደ ወንዙ ቀስራ ቆመች።

ኢንስፔክተሩ ውሃው ዳር ተንበርክኮ የሟቿን ፊት ሲያይ፣ አብራው የመጣችው ሳጅን አፏን በመዳፏ ያዘች።

«እትዬ ናቸው» አለች።

ሌላ መጠሪያ አላስፈለገም። ሟቿ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማውን ትምህርት ቤት በዳይሬክተርነት የመሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰው በመንገድ ሲያያቸው ሸሚዙን ወደ ሱሪው የሚከትትላቸው ሴት ነበሩ።

«እኔን ሁለት ጊዜ አንበርክከውኛል» አለች ሳጅኗ፤ «አንዴ ስለ ዋሸሁ፤ አንዴ ደግሞ ጓደኛዋ ስትዋሽ ሰምታ ዝም ብላለች ብለው።»

ካፖርታቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። የግራ እግራቸው ጫማ የለውም። የሁለቱም መዳፎቻቸው ቆዳ ተልጧል። ከካፖርቱ ኪስ የረጠበ የሽርሽር ጀልባ ቲኬት ወጣ፤ ቀኑ የትናንቱ እሑድ፣ ቁጥሩ አሥራ አራት።

---

ጀልባው ሃያ ሁለት ሰው ይይዛል። እሑድ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተነሥቶ በሁለት ገደሎች መካከል ሽቅብ ያዘግማል፤ ፏፏቴዎቹን እያሳየ ስድስት ሰዓት ላይ በወንዙ መካከል ካለችው ትንሽ ደሴት ይደርሳል። ተሳፋሪው እዚያ ምሳውን በልቶ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከመሳፈሪያው ይመለሳል። ነጂው ብቻውን ነው የሚሠራው፤ ከየብስ ይልቅ ውሃ ላይ ስለሚውል «ዓሣው» ይሉታል። ሚስቱ ከመሳፈሪያው ሆና ቲኬት ትቆርጣለች፣ ሲመለሱም የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን ትሰበስባለች።

«ትናንት ስንት ሰው ሄደ?» ሲል ኢንስፔክተሩ ጠየቃት።

«ሃያ ሁለት።»

«ስንት ተመለሰ?»

«ሃያ ሁለት ጃኬት።»

«የጠየቅኩዎት ስለ ሰው ነው።»

«ያው ነው እኮ፣ ጌታዬ። ጃኬት ብቻውን ሽርሽር አይሄድ።»

ሳጥኑን ከፈተችለት። ብርቱካንማዎቹ ጃኬቶች ቁጥራቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ተደርድረዋል። አሥራ አራት ቁጥር ከነዚያው መካከል ነበር፤ ደረቅ፣ ማሰሪያው ያልተጎዳ።

«ይህን ማን መለሰው?»

«በእጄ አልተቀበልኩም። ሰው ሲቸኩል ሳጥኑ ውስጥ ጥሎ ያልፋል። እኔ ከሄዱ በኋላ ነው የቆጠርኩት።»

ዓሣው የስልሳ ዓመት ሰው ነው፤ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ እያዞረ መለሰ። «ደሴቲቱ ላይ ሙቀት ስለሆነ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ያወልቅና ከጀልባው ጎን በተወጠረ ገመድ ላይ ይሰቅላል። ሲመለስ የየራሱን አንሥቶ ይለብሳል። አንድ ተንጠልጥሎ ከቀረ ያልመጣ ሰው አለ ማለት ነው፤ ጡሩምባ እነፋለሁ። ገመዱ ባዶ ከሆነ ጡሩምባም አያስፈልግ፣ እነሣለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገመዱ ዋሽቶኝ አያውቅም።»

«ትናንትስ?»

«ባዶ ነበር።»

«እትዬ ከጀልባው ሲወርዱ በዓይንዎ አዩ?»

ቆቡ መዞሩን አቆመ። «ጀልባ እያሰርኩ ነበር። አላየሁም።»

---

እትዬ ወደ ሽርሽሩ የሄዱት ከወንድማቸው ልጅ ጋር ነበር። ሰውየው ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ፋርማሲስት ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሬሳውን አይቶ ሲወጣ ሳጅኗ ወንበር አቀረበችለት።

«መሳፈሪያው ላይ ተሰነባበትን» አለ። «‹ትንሽ ነፋስ ልቀበል፤ አንተ ሂድ፣ ሥራህ እንዳይረፍድብህ› አለችኝ። ምነው እጇን ይዤ በወሰድኳት!»

ሥራው እንዳልረፈደበት ተረጋገጠ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፋርማሲውን ከፍቷል፤ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አሥራ ስድስት ሰው መድኃኒት ወስዷል፤ የሕንፃው ዘበኛም ከመደርደሪያው ኋላ ሲወጣ አላየውም።

የፖሊሱ ሐኪም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ውጤቱን ተናገረ። «ውሃ ነው የገደላቸው። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ። ጉልበታቸውና መዳፋቸው ተፋፍቋል። ጥፍራቸው ሥር የዛፍ ቅርፊት አለ። በሆዳቸው ውስጥም የጉዞ ማቅለሽለሽ የሚከላከል መድኃኒት አገኘሁ፤ ከተለመደው መጠን ትንሽ ይበዛል፣ ግን ሰው አይገድልም፤ ያስተኛል እንጂ።»

የጣቢያው አዛዥ ሪፖርቱን ቆሞ አነበበ። «ጀልባው አሥራ አንድ ሰዓት ደረሰ። ስለዚህ ሴትየዋ የሞቱት ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ነው። በዚያ ሰዓት ጀልባው ማን እጅ ነበር?»

«ነጂው ብቻውን ወደ ማሳደሪያው ወስዶታል» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ማሳደሪያውስ የት ነው?»

«ሁለተኛው መታጠፊያ። ከቄጠማው ጎን።»

«ጠዋት ደግሞ ተጣልተዋል፤ ሃያ ሰው ሰምቷል። ታዲያ ምን ትፈልጋለህ? ፊርማ ያለው ወንጀል? ሐሙስ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ እልካለሁ።»

ጠቡ እውነት ነበር። እሑድ ጠዋት እትዬ ከመረማመጃው ሳንቃ ላይ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልብስ ነው የምትቆጥረው ወይስ ሰው?» ብለውት ነበር። ዓሣውም «እመቤቴ፣ እዚህ ትምህርት ቤት አይደለም» ብሎ መልሷል። ተሳፋሪው ስቋል። ዓሣው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ታሰረ።

---

ማክሰኞ ጠዋት ሚስቱ ምሳ ዕቃ ይዛ ከጣቢያው ደጃፍ ቆማ ኢንስፔክተሩን ጠበቀችው።

«ጌታዬ፣ ዓሣ ከውሃ ወጥቶ ስንት ቀን ይኖራል?»

«ምግቡን አስገቡለት።»

«አይበላም። ግድግዳ እያየ ነው ያደረው። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ፤ ዝንብ እንኳ ሲገድል ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ካጠፋ ይቀጣ፣ እሺ። ያላጠፋውን ግን አታሸክሙት።»

ኢንስፔክተሩ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ብሎ ከጀልባው ተሳፋሪዎች ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ከመኪናዋ ኋላ ሳትነሣ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ መሰከረች።

«እንደዚያ ያለ ልጅ ይውለድልህ! ምሳ አቀረበላቸው፤ ጀልባ ያቅለሸልሻል ብሎ ክኒን ሰጣቸው፤ ሹራቡን አውልቆ ከራስጌያቸው አደረገላቸው። ስንመለስም እንቅልፍ እንዳንነሣቸው ብሎ ከጀልባው ታችኛው ክፍል በር ላይ ቁጭ እንዳለ መጣ። ልጆቼን ‹ተማሩ› አልኳቸው።»

«እትዬ በክፍሉ ውስጥ ነበሩ?»

«የት ሊሆኑ ኖሯል? ጋደም ብለው ነበር።»

ፎቶ አንሺውም እንደዚሁ አለ፤ ጡረተኛው ፖስተኛም፣ አዲስ ሙሽሮቹም። ኢንስፔክተሩ ሁሉንም ጻፈ። ሲጽፍ አንድ ነገር ቆረቆረው፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አላወቀውም።

ከሰዓት በኋላ ወደ እትዬ ቤት ሄደ። ቤቱ እንደ ባለቤቱ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በመጠናቸው የተደረደሩ መጻሕፍት። ከአልጋው ትይዩ የመመረቂያ ካባ የለበሰ ወጣት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ሙሉ ስሙ፣ የተወለደበትና ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የሞተበት ዓመት በእትዬ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል።

«አንድ ልጃቸው ነው» አለች ሳጅኗ። «በተመረቀ በወሩ ነው በመኪና አደጋ የሞተው። ያኔም ሳያስተምሩ አልዋሉም።»

ከፎቶግራፉ አጠገብ ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቦታ ይታያል፤ ምስማሩ አለ፣ የተሰቀለው ነገር የለም። ኢንስፔክተሩ የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበ። ያልታሸገ ፖስታ ነበረበት። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ለሳጅኗ አላሳያትም፤ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

---

ወደ እስር ክፍሉ ሲገባ ዓሣው አልተነሣም።

«ከማሳደሪያዎ አጠገብ ዛፍ አለ?»

«ቄጠማ ብቻ ነው።»

«ከመሳፈሪያው?»

«ሲሚንቶ።»

«በመንገዱስ? ከጥፍራቸው ሥር ቅርፊት ተገኝቷል።»

«ግራና ቀኙ ገደል ነው፣ ጌታዬ። የሰው እጅ የሚደርስበት ዛፍ በወንዙ ሁሉ…» ቆመ። ቀስ ብሎ ፊቱን ከግድግዳው አዞረ። «አንድ አኻያ አለች። ደሴቲቱ ላይ።»

«ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የምትነሡት ለምንድን ነው? ፀሐዩ ገና ነው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የላይኛው ግድብ በር ይከፈታል። ውሃው ይሞላል።»

«ደሴቲቱስ?»

ዓሣው አፉን ከፍቶ ዘጋ። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደሴት የለም» አለ።

ረቡዕ ማለዳ፣ በሁለት ፖሊስ ታጅቦ፣ ኢንስፔክተሩንና ሳጅኗን አሳፍሮ፣ ጀልባውን ዓሣው ራሱ ነዳ። ፏፏቴዎቹ እንደ ወትሮው ያበራሉ፤ ቀና ብሎ ያያቸው አልነበረም። ደሴቲቱ ከአንድ ሰፊ ግቢ አትበልጥም፤ አሸዋ፣ ጥቂት ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ጀርባ አንዲት ያረጀች አኻያ። ግንዷ ላይ ውሃው በየቀኑ የሚያሰምረው የጭቃ ምልክት ከሰው ቁመት በላይ ነው።

መጀመሪያ ያየችው ሳጅኗ ናት። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚለይበት ባላ ላይ አንድ የሴት ጫማ ተሰክቷል። ከዚያ በላይ ቅርፊቱ በጥፍር ተቧጭሯል። ከዚያም በላይ፣ ጎረምሳ እንኳ ሊደፍረው በማይችለው ቀጭን ጫፍ ላይ፣ ቢጫ የአንገት ሻርፕ በድርብ ታስሮ በነፋሱ ይውለበለባል።

የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው።

«ነቅተው ነበር» አለች ሳጅኗ። «ውሃው ሲነካቸው ነቅተው… ወጥተው…»

ዓሣው ከዛፉ ሥር ቆሞ ፊቱን ወደ መጣበት አዞረ። ከዚያ ወንዙ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል። «እስከዚያ ድረስ ያዩኝ ነበር» አለ። «ጀርባዬን ያዩኝ ነበር።» አሸዋው ላይ ተቀመጠ፤ ሁለቱ ፖሊሶች እስኪያነሡት ድረስም አልተነሣም።

---

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ እንደገና ጠራ። የጠየቃቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ሲመለሱ እትዬን በዓይንዎ አዩ ወይስ ሰው ነገረዎት?»

ፖስተኛው «ፎቶ አንሺው ነገረኝ» አለ። ፎቶ አንሺው «ሙሽሪት ነገረችኝ» አለ። ሙሽሪት «ልብስ ሰፊዋ ናት» አለች። ልብስ ሰፊዋ በዚህ ጊዜ መርፌ በአፏ አልነበረም።

«እሱ ነው የነገረኝ» አለች በቀጭን ድምፅ። «‹ውስጥ ጋደም ብላለች፣ አትቀስቅሷት› አለኝ። በሩ ዝግ ነበር። እኔ… አምላኬ! እኔ እኮ ሕፃናቱን ዝም በሉ እያልኩ ነበር። ባዶ ክፍል እየጠበቅኩ ነበር?»

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላል የቀድሞ ሰው፤ በዚያ ጀልባ ላይ መላ የጨመረ አልነበረም። ሃያ ምስክር ነበር፤ አፉ ግን አንድ ነበር።

ፎቶ አንሺው የእሑዱን ፎቶዎች ሁሉ አመጣ። ኢንስፔክተሩ በአጉሊ መነጽር አንዱ ላይ ቆየ። ሙሽሮቹ በመመለሻው ላይ ተቃቅፈው ይስቃሉ፤ ከኋላቸው፣ ከታችኛው ክፍል በር ላይ፣ ፋርማሲስቱ አሥራ ሦስት ቁጥር ጃኬት ለብሶ ተቀምጧል። ከተቀመጠበት ሥር የታጠፈ ብርቱካንማ ነገር ጫፉን አውጥቷል፤ ጫፉ ላይ አንድ አኃዝ ይነበባል፤ አራት።

---

ፋርማሲው ውስጥ አንዲት እናት የሕፃን ሽሮፕ ትገዛለች። ኢንስፔክተሩ ተራውን ጠብቆ ሴትየዋ እስክትወጣ ቆመ። ከመደርደሪያው በላይ የሥራ ፈቃዱና ዲፕሎማው በመስታወት ውስጥ ተሰቅለዋል። የተጻፈባቸውን ስም አነበበ። ትናንት ከሟቹ ወጣት ፎቶግራፍ ሥር ያነበበው ስም ነው።

«በሞተ ሰው ስም ስንት ዓመት መድኃኒት ሰጠህ?»

ፋርማሲስቱ የያዘውን ጠርሙስ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

«ደሴቲቱ ላይ ነበርኩ። አኻያይቱን አየኋት። ከተቀመጥክበት ሥር ያለውን ጃኬትም በፎቶ አየሁ። ክኒን ሰጥተህ ከድንጋዩ ጀርባ አስተኛሃቸው፤ ጃኬታቸውን ከገመዱ ላይ አነሣህ። ተንጠልጥሎ ቢቀር ኖሮ ነጂው ጡሩምባ ይነፋ ነበር፤ ይነቁ ነበር። አንተ የሰረቅከው ጃኬት አይደለም፤ ጡሩምባውን ነው።»

ሰውየው ወደ ደጁ አየ። በውጭ መኪና አለፈ።

«እጄን አላሳረፍኩባትም» አለ ሰውየው በመጨረሻ። «አልገፋኋትም። አልነካኋትም። ተኝታ ነበር፤ ምንም ሳታውቅ…»

«ሻርፓቸውን ከዛፉ ጫፍ ላይ አስረዋል።»

«እትዬ? ዛፍ?» ፊቱ ተለወጠ፤ ሐሰት ያልነበረበት የመጀመሪያው ፊቱ ይህ ነበር። «እሷ እኮ ደረጃ እንኳ…»

«ወጡ። ከሰዓት በላይ ተንጠልጥለው ቆዩ። አንተ በዚያ ሰዓት ሽሮፕ ልትቸረችር እየመጣህ ነበር።»

ፋርማሲስቱ የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዘ። «ሰኞ ልታጋልጠኝ ነበር! ጀልባው ላይ ነገረችኝ። ‹ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ጽፌአለሁ፤ ከዚህ ውሸት ጋር መሞት አልፈልግም› አለችኝ። አሥር ዓመት የሠራሁበት ሥራ! ምን ላድርግ? ንገረኝ፣ ምን ላድርግ?»

ኢንስፔክተሩ ከደረት ኪሱ ደብዳቤውን አወጣ፤ ዘርግቶ በመደርደሪያው ላይ አኖረለት። የእጅ ጽሑፉ እንደ ሰሌዳ ጽሕፈት ቀጥ ያለ ነው።

«የልጄን ዲፕሎማ ከግድግዳ አውርጄ ለወንድሜ ልጅ በእጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የልጄ ስም ከልጄ ጋር እንዳይቀበር ብዬ ነው። እሱ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር፤ አሳዳጊው ያለችውን አደረገ። ልጆችን ስለ ውሸት ስቀጣ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ዛሬ የምቀጣው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ጥፋቱ በሙሉ በእኔ ላይ ይጻፍ። ለእሱ ግን በራሱ ስም የሚማርበት ዕድል ይሰጠው ዘንድ፣ ቤቴን ሸጬ ለትምህርቱ አኖራለሁ።»

ፋርማሲስቱ አነበበ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ይህን አልነገረችኝም» አለ በሹክሹክታ።

«ሊነግሩህ ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ፤ «አስተኛሃቸው እንጂ።»

---

ሐሙስ ጠዋት ዓሣው ተፈታ። ሚስቱ ከደጃፉ የጀልባውን ቁልፎች ይዛ ጠበቀችው፤ ግን ወደ እሷ ከመሄዱ በፊት ተመልሶ ከኢንስፔክተሩ ጠረጴዛ ፊት ቆመ። በአራት ቀን ውስጥ አርጅቷል።

«እውነቱን ይንገሩኝ፣ ጌታዬ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አኖረ። ሰውየው ማጽናኛ እንደሚፈልግ አይቷል፤ ማጽናኛውም እጁ ላይ ነበር። ነገር ግን እትዬን አሰበ፤ ጓደኛዋ ስትዋሽ ሰምታ ዝም አለች ብለው ያንበረከኳትንም ልጅ አሰበ፤ ልጅቱ ዛሬ ሳጅን ሆና ከጎኑ መዝገብ ትጽፋለች።

«አልገደሏቸውም» አለ። «ግን አልቆጠሯቸውም።»

ዓሣው ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ ጠዋት ጀልባው እንደገና ተነሣ። ከጎኑ ተወጥሮ የነበረው ገመድ የለም። ዓሣው ከመረማመጃው ሳንቃ ራስ ላይ ደብተር ይዞ ቆሞ፣ የእያንዳንዱን ተሳፋሪ ፊት ቀና ብሎ እያየ ስሙን ይጠይቃል፤ ይጽፋል፤ ደግሞ ያያል። ወረፋው እስከ መንገዱ ረዘመ።

«ኧረ ሽማግሌው!» አለ ከኋላ አንዱ፤ «ለሽርሽር ነው የመጣነው ወይስ ለሕዝብ ቆጠራ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ዓሣው አልመለሰለትም፤ አልቸኮለምም።

«ስምዎን» አለ ለቀጣይዋ ሴት።

ነገረችው። ከመጻፉ በፊት ፊቷን ረጅም ጊዜ አየ።